የሻዩ ገቢ የማን ነው?

አርቺ ጌዲስ በዚህ ምድር ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ ይመኝ ነበር። አንደኛው ስኮትላንድ ራሷን ችላ አገር ስትሆን ማየት ነው። ሁለተኛው ሚስቱ ሴንጋ ለዚህ ድምፅ ስትሰጥ ማየት ነው። የፒትካሮ ሰዎች ሲያሙት "የመጀመሪያው ሳይቀለው አይቀርም" ይላሉ። ሐሜት ነው እንጂ ውሸት አይደለም። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት፣ እሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ስለ ሰሜን ባሕር ነዳጅ ሲሰብክ፣ ከሹራብ ሥራዋ ቀና ሳትል "እሺ፣ ጡረታችንንስ ማን ይከፍለናል?" ትለዋለች። በቃ፣ ስብከቱን ውሃ በላው።

ዕድሜውን ሙሉ የዓሣ መኪና ሾፌር ነበር። ከፒትካሮ ወደብ ዓሣ ጭኖ ይነሣል፣ ለንደን ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ፖለቲካ የጀመረውም በዚያ ባዶ መኪና ውስጥ ነው። "ሞልቼ እሄዳለሁ፣ ባዶዬን እመለሳለሁ። ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥኑን ስከፍት ደግሞ ለንደን ናት የምትቀልብህ ይሉኛል። እስቲ ማን ነው ማንን የሚቀልበው?" ይላል። ይህችን ንግግር በሠርግም በለቅሶም ተናግሯታል። በገዛ እናቱ ቀብር ላይ እንኳ ለቄሱ ጀምሮላቸው ነበር፤ ሴንጋ በክርኗ ባትጎስመው ኖሮ እስከ ውስኪው ቀረጥ ድረስ ይዘልቅ ነበር።

ስኮትላንድ ትገንጠል ወይስ አትገንጠል የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ዓመት ሲመጣ ቤታቸው ለሁለት ተከፈለ። የሳሎኑ መስኮት ላይ እሱ "አዎ" የሚል ወረቀት ለጠፈ። የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ እሷ "አይ፣ አመሰግናለሁ" የሚል ለጠፈች። ፖስተኛው ደብዳቤ ባመጣ ቁጥር "ድንበሩ የት ጋ ነው? ኮሪደሩ ላይ ፓስፖርት ያስፈልጋል?" እያለ ይቀልድባቸዋል። ሴንጋ ትስቃለች። አርቺ ግን አይስቅም፤ እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያንገበግበዋል።

ይባስ ብሎ መንጎ አለ። መንጎ ሬይ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ የ"አዎ" ዘመቻ የከተማው ጽሕፈት ቤትም የእሱ ሱቅ ነው። ሰው ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ ባንዲራ ተሸክሞ ይወጣል። "አርቺ ወንድሜ" ይለዋል መንጎ፣ መቀሱን እያንቀጫቀጨ፣ "አንተ የሰው በር ስታንኳኳ ትውላለህ፤ ትራስ የምትጋራህን ሴት ግን አቃተህ። እስቲ መጀመሪያ አልጋህን ነፃ አውጣ!" ወንበር ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይንከተከታል። አርቺም "ቆይ ብቻ፣ ቆዩኝ" ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ይወጣል።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ሴንጋ ድንች ስትልጥ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ስሚኝ እስቲ፣ ዛሬ እንኳ ሳታቋርጪኝ ስሚኝ። በየዓመቱ የሂሳብ መግለጫ ይወጣል አይደል? ስኮትላንድ ይሄን ታስገባለች፣ ይሄን ታወጣለች፣ ጎደለባት ይላል። እሺ። ግን አንድ ኩባንያ እዚህ እኛ ደጃፍ ይሸጥና ዋና ቢሮው ለንደን ከሆነ ግብሩ የሚጻፈው የት ነው?"

"የት ነው?"

"እዚያ! እዚያ ነው እንጂ! ነዳጁስ ቢሆን? ስንት ዓመት ሙሉ ከእኛ ባሕር እየወጣ የተጻፈው በማን ስም ነው?"

ይህ እውነት ይሁን አይሁን እኔ አልዳኝም። የተማሩት ራሳቸው በየጋዜጣው እየተናጩበት ነው፤ አንዱ ቁጥር ያወጣል፣ ሌላው በዚያው ቁጥር መልሶ ይመታዋል። ሴንጋ ግን የዚያን ቀን ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ቆይ፣ ቆይ። የሚሠራው አንድ ሰው ነው፤ ገቢው የሚጻፈው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። እንደዚያ ነው የምትለኝ?"

"እንደዚያ ነው!"

"ከዚያ መልሰው ደግሞ ጎደለባችሁ፣ እኛ ነን የምንደጉማችሁ ይላሉ?"

"ይላሉ እንጂ!"

"የሠራውም ሰው አመስግኖ ቁጭ?"

"ቁጭ! ሦስት መቶ ዓመት ቁጭ!"

"ይሄማ ነውር ነው" አለች ሴንጋ። 

አርቺ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። እየሮጠ መንጎ ሱቅ ገብቶ "ግማሽ መንገድ መጣች!" አለ። መምጣቷስ መጥታለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ነው ያልጠየቃት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አሁን ስለ ክበቡ ልንገራችሁ። ፒትካሮ ውስጥ ወንድ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ወይ ይሞታል ወይ ቦውልስ ክበብ ይገባል። በተላጨ ሣር ላይ ከባድ ኳስ እያንከባለሉ ወደ ትንሿ ነጭ ኳስ የማስጠጋት ጨዋታ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ ሽማግሌዎች የጠፋባቸውን ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስላል። አርቺ በዚያው ዓመት የክበቡ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመርጦ ነበር። የሊቃነ መናብርቱ ስም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። የአባቱ ስም እዚያ አለ። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ የእሱ ሊጻፍ ነው። አርቺ ሰው በሌለበት ሰዓት ሰሌዳው ሥር ቆሞ ባዶውን ቦታ ያየው ነበር።

ሴቶቹ በዚህ ክበብ ውስጥ "ተባባሪ አባላት" ናቸው። የወንዶቹን ግማሽ መዋጮ ይከፍላሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሣሩ ላይ ይጫወታሉ። ቅዳሜ የወንዶች ነው። ስብሰባ ላይ አይቀመጡም፣ አይናገሩም፣ ድምፅ የላቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግዳ ክበብ ሲመጣ ሾርባውን የሚያበስሉት፣ ስኮን የሚባለውን ትንንሽ ዳቦ የሚጋግሩት፣ ሻዩን የሚያፈሉት ግን እነሱ ናቸው። ሰው ሲሞትም አዳራሹ ለለቅሶ ይከራያል፤ የሥጋ ፓዩን የሚሠሩት አሁንም እነሱ ናቸው። በፒትካሮ ደግሞ ሰው መሞት አያቆምም። አንድም ሰው ይሄ ነገር ትክክል ነው ወይ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ሴንጋ ራሷም ብትሆን።

ሐምሌ ላይ የወንዶቹ ስብሰባ ተጠራ። የሣር ማጨጃው ማሽን ተበላሽቷል። ገንዘብ ያዡ አቶ ፐርቪስ ተነሡ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ሁልጊዜ የሚቀነስ ነገር ያለ ያስመስላሉ። የ"አይ" ዘመቻ ዋነኛ ሰውም ናቸው፤ ከገና ወዲህ እሳቸውና አርቺ ከራስ መነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ አልተለዋወጡም።

"የሴቶቹ ክፍል ዘንድሮም ጎድሎበታል" አሉ አቶ ፐርቪስ። "ገቢው ግማሽ መዋጮ ነው። ወጪው ሣር፣ ውሃ፣ አጨዳ። ልዩነቱን የምንሸፍነው እኛ ነን። ስለዚህ ሐሙሳቸው እንዲቀር አሳስባለሁ።"

"የሚደግፍ" አለ አርቺ። የራሱንም እጅ ሊያነሣ ክንዱ ከጠረጴዛው ላይ ተላቆ ነበር።

በዚህ ጊዜ የወጥ ቤቱ ማቀበያ መስኮት ቷ! ብሎ ተከፈተ። ሻይ የሚወጣበት መስኮት ነው፤ ስብሰባ ሲሆን ይዘጋል። ሴንጋ ሽርጧን እንደታጠቀች ክርኖቿን መደገፊያው ላይ አሳርፋ ቆማለች።

"አቶ ፐርቪስ፣ የሻዩ ገቢ የት ነው የተጻፈው?"

"ወይዘሮ ጌዲስ፣ ተባባሪ አባል በስብሰባ ውስጥ አይናገርም።"

"እኔ ስብሰባ ውስጥ አይደለሁም፤ ወጥ ቤቴ ነኝ። የሻዩ ገቢ የት ነው የተጻፈው?"

አቶ ፐርቪስ ወረቀታቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "አዳራሽና መጠጥ ቤት በሚለው ሥር ነው።"

"የሾርባውስ?"

"እዚያው።"

"የለቅሶውስ ፓይ? በዚህ ዓመት ብቻ እኮ ግማሽ ከተማ ቀብረናል።"

"እዚያው… እዚያው ነው።"

"አዳራሽና መጠጥ ቤትስ የማን ሂሳብ ነው?"

 ከኋላ አንድ ሽማግሌ ከእንቅልፉ ነቅቶ "የእኛ ነው!" አለ።

"አያችሁ" አለች ሴንጋ። "እኛ እንሠራለን፣ በእናንተ ስም ይጻፋል፤ ከዚያ ጎደለባችሁ ትሉናላችሁ። ካልገባችሁ አርቺን ጠይቁት፣ ያስተማረኝ እሱ ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አርቺ ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሎብስተር ቀላ።  አፉ ያወጣለት ነገር ይህ ነበር፦

"ይሄ… ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።"

ሌላ ጉዳይ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄው ነው። እንዲያው ለነገሩ ሴትዮዋን አልኩ እንጂ፣ እዚህ አገር የሚያማስለው አርቺ ነው።

የሐሙሱ ጉዳይ በሳቁ መሐል ሳይወሰን ቀረ፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ አንድ ወሬ መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ በከተማው መናፈሻ ውስጥ ያለውን የድሮ የቦውልስ ሜዳ ለሚንከባከበው ሁሉ በትንሽ ኪራይ ሊሰጥ ነው ተባለ። ሴቶቹ ተሰብስበው መከሩ። ከክበቡ ወጥተን የራሳችንን እናቋቁም ወይስ እንቅር በሚለው ላይ መስከረም ውስጥ እርስ በርሳቸው ድምፅ ሊሰጡ ወሰኑ።

ያኔ ነው ፒትካሮ ያላየችውን ያየችው። አርቺ ጌዲስና አቶ ፐርቪስ፣ ከገና ወዲህ ውሻና ድመት የነበሩት፣ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ ከአንድ ሳህን ብስኩት እየበሉ ወረቀት ጻፉ። ወረቀቱ "አብረን እንሻላለን" ይላል። ማሽን ሲሰበር ማን ያሠራላችኋል? ዝናቡ ሣሩን ቢያበሰብስ ትከሻችሁ ይችለዋል? ከወጣችሁ የአውራጃው የሴቶች ቦውልስ ማኅበር ለመግባት እንደ አዲስ ማመልከት አለባችሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ላይቀበላችሁም ይችላል። ትልቁን የሻይ ማፍያ ደግሞ የምናጋራችሁ እንዳይመስላችሁ።

"ማፍያውን እኮ በራሳችን ሎተሪ ነው የገዛነው" አለች ሴንጋ ቤት ውስጥ።

"በክበቡ ስም ነው የተመዘገበው።"

"ታዲያ ለብቻችሁ ምን ታፈሉበታላችሁ? ማናችሁ ነው ማፍያ የሚያውቅ?"

"ሴንጋ፣ ነገሩ መርሕ ነው" አለ አርቺ።

መንጎ ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ቆሞ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መቀሱን አስቀመጠ። አንድ ደንበኛ ግማሽ ፀጉሩን ተቆርጦ ግማሹን ይጠብቃል።

"አርቺ፣ ይሄን ማነው የጻፈው?"

"እኔና ፐርቪስ።"

"ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የ'አይ' ሰዎች በየቤታችን የሚወረውሩት ወረቀት ነው! 'አገር' የሚለውን ፍቀህ 'ሣር' ብለህ ጻፍክበት እንጂ ምን ለወጥክ?"

"ክበብና አገር አንድ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ አርቺ። "አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ታደርገዋለህ!"

መንጎ መቀሱን አነሣና ወደ ግማሽ ፀጉሩ ተመለሰ።

የሆነ ሆኖ መስከረም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አርቺ ከውጭ ሲመጣ የወጥ ቤቱ መስኮት ባዶ ነው። "አይ፣ አመሰግናለሁ" የለም። ወረቀቱ ተነሥቶ፣ የተለጠፈበት የሙጫ ምልክት እንኳ በደንብ ተወልውሏል። 

"ሴንጋ! ወረቀትሽ?"

"አነሣሁት።"

"ለምን?"

ጀርባዋን ሰጥታው ሳህን ታጥብ ነበር። "ሂሳቡ ገባኝ መሰለኝ። ሰው የሠራውን ራሱ ይቁጠረው። ጎደለም ተረፈም ራሱ ይቁጠረው። አንተ ስትለው ስትለው አልገባኝም ነበር፤ አቶ ፐርቪስ ሲሉት ገባኝ።"

አርቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሰው ከደስታ እንዲህ ሲያለቅስ ሴንጋ ያየችው ልጃቸው የተወለደ ቀን ብቻ ነው። "እንዲያው ሞኝ ነህ" ብላ በእርጥብ እጇ ራሱን ዳሰሰችው። መንጎ ሱቅ ደርሶ ሲያበሥር ደግሞ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሳምንት ስኮትላንድ ውስጥ ከአርቺ ጌዲስ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

ሴቶቹ ድምፅ ሊሰጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ክበቡ ውስጥ ድንጋጤ ገባ። አብዛኞቹ ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከሜዳው ባሻገር ቆሞ አንዱ ሽማግሌ "ታዲያ ሾርባውስ?" ብሎ ጠየቀ፤ ያኔ ነው ነገሩ ለሁሉም ግልጽ የሆነው። አርቺና አቶ ፐርቪስ ተሯሩጠው አንድ ቃል ኪዳን ጻፉ፦ ሴቶቹ ከቀሩ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ሙሉ አባል ይሆናሉ፤ ድምፅ ይኖራቸዋል፤ ቅዳሜም ሣሩን ይረግጣሉ፤ የሻዩ ገቢም በስማቸው ይጻፋል። ሁለቱም ፈርመው የማቀበያው መስኮት ላይ ለጠፉት።

ማክሰኞ ሴቶቹ ወጥ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ። መውጣት የምትፈልግ አተር፣ መቅረት የምትፈልግ ገብስ ድስቱ ውስጥ ትጨምር ተባለ፤ የሾርባ እህል ነው፣ ከእጃቸው አይጠፋም። ሁሉም ሴንጋን ያያሉ። ያስነሣችው እሷ ናትና። ሴንጋ ቃል ኪዳኑን እንደገና አነበበችና "እኔ አርቺን አውቀዋለሁ" አለች። "ግትር ነው፣ አፉ ይሮጣል፣ ግን ፈርሞ የካደው ነገር የለም። እኔ እቀራለሁ።" ገብስ ጨመረች። ስምንት ገብስ፣ ስድስት አተር ሆነ። ቀሩ። ድስቱንም ለቅዳሜ ሾርባ አስቀመጡት።

ሳምንት አለፈ። የሕዝበ ውሳኔው ሳምንት ማክሰኞ የወንዶቹ ኮሚቴ ቃል ኪዳኑን ሊያጸድቅ ተቀመጠ። እስከዚያ ድረስ "እንዴታ!" ሲሉ የነበሩት አንድ በአንድ ጉሮሯቸውን መጠራረግ ጀመሩ። ቅዳሜ ሴቶቹ ሣሩ ላይ ከሆኑ ሻዩን ማን ያፈላል? ድምፅ ከሰጠናቸው ነገ ሊቀ መንበር ሊሆኑ አይደል? አቶ ፐርቪስ ለስለስ ብለው "እኔ ቃሌን አላጥፍም። ግን አንድ ንዑስ ኮሚቴ ያጥናው፣ ምን ቸኮልን?" አሉ። እጅ ሲቆጠር አራት ለአራት ሆነ። እኩል ሲሆን የሚወስነው ሊቀ መንበሩ ነው።

አርቺ ወደ ግድግዳው ሰሌዳ አየ። አንዱ ሽማግሌ ከጎኑ "አባትህ ይሄን ቢሰማ መቃብሩ ውስጥ ይገለበጣል" ብሎ ሹክ አለው። ወይ አርቺ! ያን ሁሉ ዓመት ለንደንን ሲሳደብ ድምፁ ሰልሎ አያውቅም፤ ስምንት ጓደኞቹ ሲያዩት ግን ምላሱ ደረቀ። ሐሙስ አገር ነፃ ልትወጣ ነው፣ ሚስቱ ከጎኑ ናት፣ አሁን ለሣር ብሎ ከወንዶቹ ይጣላ? በኋላ ይስተካከላል። ሁሉም በኋላ ይስተካከላል።

"ይጠና" አለ።

ቤት ገብቶ ለሴንጋ ነገራት። ሸሚዙን እየተኮሰችለት ነበር፤ ሐሙስ የሚለብሰውን።

"ይጠና ተባለ?"

"አጭር ጥናት ነው። ይሄ የአገሩ ነገር ይለፍና…"

"አራት ለአራት ሆኖ አንተ ወሰንክ?"

"እኔ… አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"እሺ" አለች ሴንጋ። ኮሌታውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ልብ ያለው ሰው ያንን "እሺ" ቢሰማ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ ክበቡ ይመለስ ነበር። አርቺ ግን "ምን ያለች አስተዋይ ሴት ናት" ብሎ እራቱን በላ።

ሐሙስ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ድምፅ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ሄዱ። እሱ ሰማያዊ ሪባን ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። በየመንገዱ ሰው ያስቆመዋል፣ እሱም እጁን እያወዛወዘ ወደ ሴንጋ ያሳያል፤ ሙሽራ የሚያሳይ ነው የሚመስለው። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከትቶ ወጣ። ሴንጋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆየች። ቆየች፣ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ትንሽ ቀልቷል፤ እሱ ታሪክ ስለሆነባት ነው ብሎ አሰበ። ሲመለሱ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝቶላት ወደቡ ላይ ተቀምጠው በሉ። ከኮምጣጤ ጋር ከወረቀቱ እያነሣ፣ ትልልቁን ለእሷ እየሰጠ።

ዓርብ ጠዋት ነገሩ አለቀ። አገሩ "አይ" አለ። አርቺ በሌሊት ልብሱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፤ እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። ሴንጋ ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

"አታለሉን፣ ሴንጋ" አለ። "የለንደን ሹሞች ሲጨንቃቸው፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ ይሄን እንሰጣለን ያን እንሰጣለን ብለው ፈረሙ። ሰዉ አመናቸው! አሁን ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ይጠና ይላሉ። ቃል ኪዳን ፈርሞ ይጠና የሚል ሰው፣ ይሄ ሰው ነው?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሴንጋ ቀና ብላ አየችው። እሱም ቀጠለ።

"ግድ የለም። ቢያንስ እኔና አንቺ…"

"አርቺ፣ እኔ 'አይ' ነው ያልኩት።"

የሻይ ስኒውን ያዘ፣ ግን አላነሣውም።

"ሰኞ ብትጠይቀኝ 'አዎ' ነበርኩ" አለች።  "ሐሙስም 'አዎ' ልል ነው የገባሁት። እርሳሱን ይዤ ቆምኩ። ነፃ ስንወጣ ሂሳቡን የሚይዘው ማን ነው? አልኩ። እንደ አርቺ ያለ ሰው ነው አልኩ። ጥሩ ሰው። የሚወደኝ ሰው። ፊርማውን አምኜ ሴቶቹን ሁሉ ያስቀረሁለት ሰው። እሱ ነው መልሶ 'ይጠና' ያለው። ለንደን ሲያታልለኝ አይቆረቁረኝም፤ አላውቀውም፣ ሸሚዝ አልተኩስለትም። የራሴው ሰው ሲያታልለኝ ግን አልችልም አርቺ። አልችልም።"

"ሴንጋ… በሕዳር ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። እምላለሁ።"

"አንሣው" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። "እኛ ግን ዛሬ ጠዋት የመናፈሻውን ሜዳ ልንፈርም ነው። ስምንቱም ገብስ ያሉት ጭምር። እኔ ነኝ ይቅርታ ጠይቄ ያሰባሰብኳቸው።"

ኮቷን ለብሳ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው፤ ብታላትመው ይሻለው ነበር። ከለንደን ትለቃለች ያላት አገር ሳትለቅ፣ እንዳትለቅ የለመናት ሚስቱ ክበቡን ለቀቀች፤ እንዲህ ያለ ሂሳብ ደግሞ በየትኛውም መግለጫ ላይ አይወጣም።

ረፋድ ላይ እግሩ ወደ መንጎ ሱቅ ወሰደው። መንጎ መሰላል ላይ ቆሞ ባንዲራዎቹን ያወርዳል። እሱም አልቅሷል፤ ያስታውቅበታል። አርቺን ሲያይ ወርዶ አቀፈው።

"አይዞህ ወንድሜ። የማይሰሙን በዙ እንጂ እኛ ምን ቀረን? ደግሞ አንተ ትልቁን ሥራ ሠርተሃል። ሴንጋን የሚያህል ድንጋይ ፈንቅለሃል! እሷ ከእኛ ጋር ነበረች አይደል?"

አርቺ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

"ነበረች" አለ። "እስከ ማክሰኞ ድረስ ነበረች።"

"እንዴ! ማክሰኞ ምን መጣ?"

አርቺ ወደ መሰላሉ አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ ከዚያ ወደ መንጎ አየ።

"እኔ" አለው።